ወለሉ እስኪደርቅ

ቤታችሁ ጋራዥ ካለው፣ የጋራዡንም ወለል «አንድ ነገር ልቀባው» ብላችሁ ማሰብ ከጀመራችሁ፣ ሐሳቡ ሥር ሳይሰድ ቁጭ በሉና የእኔን ጉድ ስሙ። ምክር ልሰጣችሁ አይደለም። ምክርማ ለእኔም ሞልቶ ተርፎኝ ነበር፤ ጉድ የሠራኝም እሱው ነው።

የእኛ ጋራዥ ጋራዥ ይባል እንጂ የመኪና ቤት ሆኖ አያውቅም። ቤቱን ያሠሩት የባለቤቴ የትዕግስት አባት ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና መኪና አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ይመጣል ብለው ተስፋ ስላደረጉ ከሳሎኑ የሚበልጥ ጋራዥ አሠሩ። መኪናዋ የመጣችው እሳቸው ካለፉ በኋላ ነው። ስትመጣም በዕድሜ ከእኔ ይልቅ ለእሳቸው የምትቀርብ፣ ኮረብታ ስታይ የምታስነጥስ አሮጊት ነበረች።

የድሬዳዋን ሙቀት ለምታውቁ ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም። ለማታውቁት፣ ከቀትር በኋላ ሳሎናችን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ምድጃ የገባ ዳቦ ምን እንደሚሰማው ይገባዋል ብዬ ልለፈው። ጋራዡ ግን ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። ትልቁ በር ወደ መንገዱ፣ ትንሹ በር ወደ ቤት ይከፈታል፤ ሁለቱ ሲከፈቱ ነፋስ ውር ውር ይላል። ስለዚህ ኑሯችን ቀስ እያለ ወደዚያ ተዛወረ። ቴሌቪዥኑ እዚያ፣ ፍራሹ እዚያ፣ ከሰዓት በኋላ ጨዋታው እዚያ። መኪናዋ የግቢው በር ፊት ለፊት ካለው ኒም ዛፍ ሥር ትቆማለች። እሷ እዚያ ስትቆም የግቢው በር ስለሚዘጋ፣ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚገባው በጋራዡ ነው። እንግዲህ ጋራዡ መግቢያችንም፣ ሳሎናችንም፣ ክብራችንም ነበር ማለት ነው።

ወለሉ ግን ክብር የሚባል ነገር አልነበረውም። ሲሚንቶው አርጅቶ ዱቄት ያወጣል። ትጠርጉታላችሁ፣ ያወጣል። ውኃ ታርከፈክፉበታላችሁ፣ ለጊዜው ዝም ይልና ሲደርቅ በእልህ ያወጣል። ከእኛ ቤት የወጣ ሰው ሱሪው ከጉልበቱ በታች ግራጫ ስለሚሆን የት እንደዋለ መዋሸት አይችልም ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ኖርንበት። ማንም አልሞተም።

አንድ ቅዳሜ ከሱቄ ስመለስ (ከዚራ በሚባለው ሰፈር ደብተር የምሸጥባትና ፎቶኮፒ የማነሳባት ሱቅ አለችኝ) ትዕግስት ፍራሹ ላይ እግሯን አጣጥፋ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። እግሯን አጣጥፋ ከጠበቀችኝ ነገር አለ።

«የሊዲያ ጉዳይ ነው» አለች።

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች። ሽማግሌ ሊልኩ ነው።»

ልጃችን ሊዲያ አንድ ለእናቷ ናት፤ ለእኔም አንድ ናት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ሥራዋ የተጣመመ ስፌት ፈልጎ ማውጣት ነው። ያሬድ የሚባል የባቡር ቴክኒሻን እንዳለም አውቃለሁ። ማወቄን ማንም እንዳያውቅብኝ ግን ብዙ ደክሜያለሁ። ልጁን አልጠላውም። የምጠላው ሐዲዱን ነበር፤ ምክንያቱም ሐዲዱ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል፣ ያሬድም በቅርቡ ወደዚያ ይዛወራል ሲባል ሰምቻለሁ። ጅቡቲ ሩቅ አይደለም ይሉኛል። ጅቡቲ ለቲማቲም ሩቅ አይደለም፤ ሌሊት ተጭኖ ይደርሳል። ለልጅ ግን ይርቃል።

ትዕግስት መልስ ትጠብቃለች። የምለው ሲጠፋኝ ዓይኔ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«በዚህ ወለል ላይ ነው ሽማግሌ የምንቀበለው?» አልኩ።

እንዲህ ነው የጀመረው።

በማግስቱ ጎረቤቴን አብዲን አማከርኩት። አብዲ የመኪና ዕቃ ይሸጣል። ሐሳብ እንዲሰጥ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ በአጠገቡ ማለፍ ይበቃል።

«አቦ፣ ይሄ ደሞ ያስጨንቃል እንዴ! የዘይት ቀለም ለጥ አድርገህ ቀባውና ተገላገል» አለኝ። ቀለሙንም እሱ ራሱ መረጠልኝ፤ አረንጓዴ። ለዓይን ጥሩ ነው አለ።

ለዓይንስ ጥሩ ነበር። ቀባሁት፣ ደረቀ፣ ሰፈሩ አየልኝ። ጥንካሬውን ለማስመስከር መኪናዋን አስገባኋት። ጎማዎቿ ከአስፋልቱ ግለው መጥተው ነበር። ጠዋት ላይ ወደ ኋላ ሳወጣት ጨርቅ የሚቀደድ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ ሳይ፣ ጎማዎቹ የቆሙበት ቦታ ሲሚንቶው ራቁቱን ቀርቷል፤ ቀለሙ ጎማዎቹ ላይ ነው። ተልጦ አብሯቸው ወጥቷል። በዚያ ቀን ከዚራን አረንጓዴ ጎማ ባላት መኪና ዞርኩ። አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ፤ ጎማዎቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሐዘንተኛ እንደሚሸኝ ሰው በእጁ «እለፍ» አለኝ።

ትዕግስት ነገሩን በትዕግስት አለፈችው። «እሺ፣ ለሽማግሌዎቹ ምን ልበላቸው?» አለች።

«ወለሉ እስኪያልቅ ይታገሡና።»

ቀጥሎ ታይዋን ገበያ ሄጄ የፕላስቲክ ምንጣፍ በጥቅል አመጣሁ። ጣውላ የሚመስል፣ ያማረ። ግድግዳ እስከ ግድግዳ አነጠፍኩት። እስከ ረፋድ ድረስ ጨዋ ነበር። ሙቀቱ ሲበረታ ግን መሐሉ ላይ አንድ ጉብታ አበጠ። ስረግጠው ጠፋና ቴሌቪዥኑ ሥር ብቅ አለ። እዚያ ስሄድ ፍራሹ አጠገብ ወጣ። አብዲም መጥቶ አገዘኝ፤ እሱ ሲረግጥ ወደ እኔ፣ እኔ ስረግጥ ወደ እሱ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሁለት ጎልማሶች ጋራዥ ውስጥ ጉብታ ስናባርር ዋልን። ሊዲያ ከሥራ ገብታ ጥቂት ተመለከተችን።

«አባዬ፣ እየጨፈራችሁ ነው?»

ምንጣፉ ተጠቀለለ። ሴራሚክ የሚያነጥፍ ባለሙያ አስመጣሁ። ሰውየው ናሙናውን መሬት ላይ አኖረው፤ እኔ ደግሞ ለሙከራ ውኃ አፈሰስኩበትና ቆምኩበት። ከዚያ በኋላ ቆሜ አልነበረም። ወገቤ እስኪሻለው በጎኔ ተኝቼ «ሽማግሌ አይደለም ፍየል አይቆምበትም» ብዬ ፈረድኩ። ወለሉን ሊሾ ሲሚንቶ እንዲያደርግልኝ ያናገርኩት ግንበኛ ደግሞ፣ አሮጌው ሲሚንቶ ካልተፈነቀለ አይያዝም አለ። እኔም ወዲያውኑ እንዲፈነቀል መስማማቴን ሳበስር ትዕግስት ከወጥ ቤት ወጣች።

«አንተ» አለች፤ እጇ ላይ ማማሰያ አለ፣ «አንተ እኮ ወለል እየመረጥክ አይደለም። ቀን እየገፋህ ነው።»

«እኔ?»

«አዎ አንተ። ልጅቷ ትሄዳለች ብለህ ፈርተህ ነው። ሰዎቹ ስንት ጊዜ ላኩብን! አሁን የልጁ ወገኖች እነዚህ ሰዎች ንቀውናል ማለት ጀምረዋል። አንድ ጊዜ ቅር ካላቸው ሽማግሌዎቹን ማን ይመልሳቸዋል?»

ተቆጣሁ። ሰው እውነቱ ሲነገረው እንደሚቆጣው አድርጌ ተቆጣሁ፤ ጮክ ብዬና ምንም ፍሬ ነገር ሳልናገር። ግንበኛው ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ያን ዕለት ማታ ራት ላይ ሊዲያ ቀስ ብላ «አባዬ፣ የፋብሪካችን ወለል ኤፖክሲ የሚባል ነገር ነው የተቀባው። ዕቃ ጫኝ ማሽን ሲመላለስበት እንኳን አይጫርም» አለች። ዓይኗን ከሳህኗ አላነሳችም። ወለሉ እንዲያልቅላት የምትለምን ልጅ ድምፅ ነበር። የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩ።

«እሑድ ሽማግሌዎቹ ይምጡ» አልኩ። «እስከዚያ ይደርሳል።»

ኤፖክሲውን ያገኘሁት ቀፊራ አካባቢ ካለ የቀለም ሱቅ ነው። ባለሱቁ በአንድ አፍ ሦስት ቋንቋ የሚናገር ሰው ነው፤ ከአንዲት እናት ጋር በኦሮምኛ ይከራከራል፣ ስልኩን በሶማሊኛ ይመልሳል፣ እኔን በአማርኛ ያስተናግዳል። ሁለት ጣሳ አወጣልኝ፤ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ።

«ዋላል፣ ስማኝ» አለ። ወንድሜ ማለቱ ነው። «እነዚህ ባልና ሚስት ናቸው። ለየብቻ ብታስቀምጣቸው ዓመት ይኖራሉ፣ አይደርቁም። ስታጋባቸው ይጠነክራሉ። ግን ልኩ አለ፤ ጣሳው ላይ ተጽፏል። ትንሹን እንዳትቀንስበት። ደሞ በጠዋት ሥራ፣ በትንሽ በትንሹ በጥብጥ።»

ስለ ጋብቻ እንዲያስተምረኝ አልነበረም የሄድኩት። ቢሆንም ሁሉንም በጥሞና ሰማሁት። መስማት እችላለሁ። ችግሬ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

በጠዋት ልሠራ ተነሥቼ አሮጌውን አረንጓዴ ቀለም ስፍቅ ቀትር ሆነ። ምሳ በላሁ። ምሳ ከበሉ በኋላ ደግሞ በድሬ ማንም የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ጋደም አልኩ። ስነሣ ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ታጮኸዋለች። በትንሽ በትንሹ መበጥበጥ ጊዜ ይፈጃል ብዬ ገሚሱን በአንድ ባልዲ ደባለቅኩት። ሮለሩን ላመጣ ዞር ብዬ ስመለስ ባልዲው ይጨሳል። ምን ይደረጋል፣ ጨሰ! ልነካው ስል አቃጠለኝ። ማማሰያ እንጨቱን ልመዝ ስል ባልዲው አብሮ ተነሣ። ጥቂት ቆይቶ ባልዲው ውስጥ ያለው ነገር ድንጋይ ሆነ፤ እንጨቱ መሐሉ ላይ እንደ ባንዲራ ቆሞ ቀረ።

እዚህ ላይ ነው ማሰብ የጀመርኩት። ማሰብ ባልጀምር ይሻል ነበር። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፤ የሚያደርቀው ትንሹ ጣሳ ነው። ይህን ሁሉ ጥድፊያ ያመጣው እሱ ነው። እንግዲያውስ ለቀሪው ድርሻውን ብቀንስለት በእርጋታ ይደርቃል። ቀነስኩለት። ደግ ሆኜ ቀነስኩለት።

ሲቀባ ግን፣ አምላኬ! ወለሉ ላይ ዝናብ ያዘለ ሰማይ የተኛ መሰለ። ጣሪያው ይታይበታል። አጎንብሼ ፊቴን አየሁበት፤ ፊቴ ራሱ ከወትሮው የተሻለ ነበር። ትዕግስት በበሩ ላይ ቆማ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ለብዙ ጊዜ እኔን አይታ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

በማግስቱ አልደረቀም። ጉም ነው አልን፣ ድሬ ላይ ጉም እንዳለ። ከዚያ ማግስትም አልደረቀም። ነፋስ አንድ ፌስታል አምጥቶ መሐሉ ላይ ጣለ፤ ፌስታሉ ሲያውለበልብ ዋለ እንጂ አልሄደም። ዝንብ አረፈች፣ ቀረች። ሊዲያ ከበሩ ተንበርክካ አውራ ጣቷን አስነካችው፤ መታወቂያ ላይ እንደሚነሣው ያለ ጥርት ያለ አሻራ ወጣ።

«አባዬ፣ የትንሹን ጣሳ ስንት አደረግክ?»

«በቂ» አልኩ።

አየችኝ። የተጣመመ ስፌት የምታይበት ዓይን ነው።

ቅዳሜ ማምሻውን ትዕግስት ውሳኔ ሰጠች። ጋራዡ ይዘጋል፤ ሽማግሌዎቹ ግቢ ውስጥ ዳስ ተጥሎላቸው እዚያ ሥር ይቀመጣሉ። የእኔ ሥራ ቀላል ነበር። መኪናዋን ከግቢው በር ፊት ማንሣትና ጋራዡን መቆለፍ። እሑድ ጠዋት ሸሚዜን ለብሼ መኪናዋን ላስነሣ ገባሁ። ቁልፉን ሳዞር አንድ ጊዜ ተነፈሰች፤ ሁለተኛ አልተነፈሰችም። አብዲ መጥቶ እንዲገፋልኝ ልጠራው ሄድኩ። ነፋስ ወለሉን ያድርቅልኝ ብዬ የከፈትኩት የጋራዡ በር ወለል እንዳለ ነበር። እዘጋዋለሁ ብዬ ነበር። መጀመሪያ መኪናዋን፣ ከዚያ በሩን።

ሽማግሌዎቹ የቀጠሩት ሰዓት ገና ነበር። ነገር ግን የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ተስፋዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር የነዱ ሰው ናቸው። እሳቸው ዘንድ በሰዓቱ መድረስ ማለት መዘግየት ነው።

አብዲን ይዤ ስመለስ ጋራዡ በር ላይ የተወለወለ ጫማ ተደርድሯል።

ቆምኩ። አብዲም ቆመ። «አቦ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ልብ በሉ፣ ጫማቸውን እንዲያወልቁ ማንም አልጠየቃቸውም። የወለሉ አንጸባራቂነት ነው ያስወለቃቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሐጂ ኢብራሂም፣ በኋላ እንደነገሩኝ፣ «ይህን በጫማ መርገጥ ነውር ነው» ያሉት እሳቸው ናቸው። ሲራመዱ ትንሽ ቢይዛቸውም ሦስቱም በነጭ ካልሲ እስከ መሐል ገብተዋል። ከፊት ጋሽ ተስፋዬ፣ ግዙፍ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። በቀኛቸው ሐጂ ኢብራሂም፣ የልጁ ቤተሰብ ጎረቤት፣ ቀጭን፣ ኮፍያቸው በወግ የተደፋ። በግራቸው የያሬድ አጎት፣ መናገር የማይወዱ ሰው። ትዕግስት በቤቱ በር ላይ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ቆማለች። ጋሽ ተስፋዬ ንግግር ጀምረው ስለነበር ሽማግሌ ማቋረጥ አልሆነላትም።

ከኋላ «እንደምን አደራችሁ» አልኩ። ሦስቱም አንገታቸውን ብቻ አዞሩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሊዲያ አባት» አሉ ጋሽ ተስፋዬ። ድምፃቸው የጣቢያ ድምፅ ማጉያ ነው።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አልኩ፤ አፌ ከልማድ ነው የተናገረው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ፤ እሳቸውም ከልማድ። እውነትም የሚቀመጡበት አልነበረም።

ንግግሩ ረጅምና ያማረ ነበር። ስለ ያሬድ ጨዋነት፣ ስለ እናቱ፣ ስለ አባቱ። እኔ የምሰማው ግማሹን ነው፤ ዓይኔ ካልሲዎቹ ላይ ነበር። መጨረሻ ላይ «ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን መጥተናል» ሲሉ፣ ለሳምንታት ያጠናሁትን መልስ ሰጠሁ።

«ክብር ነው። ነገሩ ትልቅ ስለሆነ ዘመድ አዝማድ አማክረን፣ መልሱን በሌላ ቀን እናሳውቃለን።»

ወጉ ይፈቅድልኛል። ሌላ ቀን ማለት ደግሞ በእኔ ልብ ውስጥ ከፆሙ ወዲያ፣ ከዝናቡ ወዲያ፣ ከብዙ ነገር ወዲያ ነበር።

«መልካም» አሉ ጋሽ ተስፋዬ። እጅ ነሱ። ሊዞሩም ሞከሩ።

ነጠላቸው ዞረ። እሳቸው አልዞሩም።

«ምንድን ነው?» አሉ። ቀኝ እግራቸውን አነሡ፤ ካልሲው እንደ ማስቲካ ተሳበ፣ ተሳበ፣ ከዚያ እግራቸው ብቻውን ወጣ። በአንድ እግር እየተወዛወዙ የሐጂን ትከሻ ያዙ። ሐጂም ሊደግፏቸው እግራቸውን ሊያነሡ ሲሉ አልነሣ አላቸው።

«ወላሂ ተይዣለሁ» አሉ ሐጂ ኢብራሂም። ወደ እኔ አዩ። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ወለል ነው ሐጂ። አዲስ ነው። ትንሽ... አልደረቀም።»

«ትንሽ? እኔ ሽማግሌ ስሆን የሰው ልጅ ልለምን እንጂ እንደ አይጥ ልያዝ አልመጣሁም!»

ጋሽ ተስፋዬ የሚያርፉበት ሲያጡ ባዶ እግራቸውን መልሰው ወለሉ ላይ አሳረፉት። አሁን ቆዳቸው ነው የተያዘው። ፊታቸው ጠቆረ። «የሊዲያ አባት» አሉ ቀስ ብለው፣ «ስንት ጊዜ አስጠበቅከን፣ ታገሥን። ዛሬ ደግሞ ልታዋርደን ነው የጠራኸን?»

ነገሩ ለሳቅ የሚሆነው እስከዚያ ድረስ ነበር። ትዕግስት ዓይኗ እንባ ሲሞላ ከዚህኛው በር አየሁ። ከእሷ ጀርባ ሊዲያ ቆማለች፤ ለሽማግሌ መታየት የሌለባት ልጅ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ አምራ ለብሳ። ፊቷን አየሁና ወለሉ ላይ ገባሁ።

ነጠላ ጫማዬ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ቀረ። በባዶ እግሬ ቀጠልኩ። «ዘይት!» ብዬ ጮህኩ፤ ከእጅ የሚያስለቅቀው የምግብ ዘይት እንደሆነ በራሴ ጣቶች ተምሬ ነበር። ትዕግስት ከዚያ በር ጠርሙሱን ወረወረችልኝ። ጋሽ ተስፋዬ እግር ሥር ተንበርክኬ ዘይቱን በጣቶቻቸው መሐል ማፍሰስና መፈልቀቅ ጀመርኩ።

«አየህ» አሉ ሐጂ ከላይ፣ ንዴታቸው እንዳለ ሆኖ ምላሳቸው ግን አላስቻለውም። «ወጉ እኛ የአባትየውን ጉልበት እንድንስም ነው። ይሄ ሰውዬ እግራችን ላይ ወድቋል። እየለመነ ያለው ማን ነው?»

በዚህ መሐል ያሬድ ደረሰ። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም፤ መንገዱ ማዶ ባጃጅ ውስጥ ተደብቆ ይጠብቅ ነበር። አብዲ «ካርቶን አምጡ! ሰዎቹ ተጣብቀዋል!» እያለ ሲሮጥ ሰምቶ ነው። በሩ ላይ አልቆመም፤ በሩጫ ገባ። ጫማው ቆመ፣ እሱ አልቆመም። በጉልበቱና በመዳፎቹ አጠገቤ ወደቀ፤ ሰማያዊ ሱፉን እንደለበሰ።

ልጁ ሊስመኝ ቀና አለ። እጁ ስለተያዘ ግን በአንገቱ ብቻ ሰላምታ ሰጠኝ።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሼ። ዘይቱን ይስጡኝ፣ እኔ ላድርገው። እርስዎ ይነሡ።»

«መነሣት አልችልም» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ጉልበቴ ተይዟል።

አንድ እጁን አላቀቀና የአጎቱን እግር ያዘ። እኔ የጋሽ ተስፋዬን። ጎን ለጎን ተንበርክከን እንሠራለን። ከቅርብ ሳየው ግንባሩ ላይ ላብ፣ ጉንጩ ላይ ኤፖክሲ አለ። ቀስ ብዬ፣ ሌላው እንዳይሰማ፣ ጠየቅኩት።

«ጅቡቲ ትሄዳላችሁ?»

እጁ ቆመ። «አዎ፣ ጋሼ። መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ነበር ያለን፤ አሁን ጅቡቲ ነው። ምን ያህል ጊዜ እንደምንቆይ አላውቅም።»

«በየሳምንቱ ትመጣላችሁ?»

ማንኛውም ብልጥ ሰው እዚህ ላይ ይዋሻል። ተንበርክኮ፣ ሱፉ ወለል ላይ ተጣብቆ፣ አማቱ አጠገብ ሆኖ የማይዋሽ ማን አለ?

«በየሳምንቱ አይሆንም» አለ። «እንመጣለን ግን። እሷም እርስዎን ትታ መሄዱ እንደከበዳት ነግራኛለች። ከከበደሽ እንቆይ ብያት ነበር። እሷ ግን አባዬ ወለሉን ይጨርስ ብቻ፣ አለችኝ።»

ከበሩ በኩል የሆነ ድምፅ ሰማሁ። ሊዲያ ናት። እያለቀሰች መስሎኝ ቀና ስል፣ ትስቃለች፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ትስቃለች። ያሬድም አያት። ያን ጊዜ አስተያየቱን አየሁት። ከዚያ በላይ ወለል መምረጥ አልቻልኩም።

«ጋሽ ተስፋዬ» አልኩ፣ እግራቸውን እንደያዝኩ። «ዘመድ ማማከሩ ቀርቷል። ሰጥተናል።»

ያን ጊዜ ነው የያሬድ አጎት ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን የከፈቱት።

«እንግዲያው ይልቀቁን» አሉ።

ጋሽ ተስፋዬ ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ሆዳቸው ሲንቀጠቀጥ ይዘዋቸው የነበሩትን ሐጂን አብረው አንቀጠቀጡ። ትዕግስት እልልታዋን አቀለጠችው። የአብዲ ሚስትና እናቱ ከማዶ ተቀበሏት። መንገደኛው ሠርግ መስሎት በር ላይ ተሰበሰበ፤ ባጃጆች ቆሙ። አብዲ ከሱቄ የወረቀት ካርቶን ሁሉ አምጥቶ ከበሩ እስከ እኛ ድረስ እንደ መንገድ አነጠፈውና አንድ በአንድ አወጣን። ካርቶኑም እዚያው ቀረ፤ ካልሲዎቹም፣ የሱፉ የጉልበት ቦታም። ጋሽ ተስፋዬ ዳሱ ሥር ምሳቸውን የበሉት የትዕግስትን ሮዝ ነጠላ ጫማ አድርገው ነው፤ ተረከዛቸው ከኋላ ወጥቶ። ሐጂ ደግሞ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፣ «በሽምግልና ብዙ ቤት ገብቻለሁ። እሺ እስኪባል አልሄድም የሚል ሽማግሌ አይቻለሁ። መሄድ ሳይችል የቀረ ግን እኔ ነኝ» እያሉ ለባጃጁ ነጂ ያወሩ ነበር።

ወለሉን ለመፋቅ ብዙ ቀን ፈጀብን። እንደገና የቀባችው ሊዲያ ናት፤ በማለዳ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በልኩ። እኔ ወንበር ተሰጥቶኝ መንገዱ ማዶ ተቀምጬ እንዳይ ብቻ ተፈቀደልኝ። በማግስቱ ደረቀ፤ ሠርጉም እዚያው ላይ ተጨፈረ። ከዚያ ሄዱ። ከጣቢያው ስንመለስ እኔና ትዕግስት ፍራሹ ላይ ተቀመጥን፤ ቴሌቪዥኑን አልከፈትነውም። ጋራዡ ያን ያህል ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ስልኬ ጠራ። ሊዲያ መስላኝ ተሽቀዳድሜ አነሣሁት። ጋሽ ተስፋዬ ናቸው።

«ዘመዴ» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ነው የሚጠሩኝ። «ያ ወለል ስሙ ማን ነበር?»

«ኤፖክሲ ነው፣ ጋሽ ተስፋዬ።»

«ያበራ ነበር እኮ። ስቆምበት ተናድጄ እንጂ ልቤ ወዶት ነበር። የእኔንም በረንዳ ላስቀባው ነው።»

ደስ አለኝ። «እንግዲያው መጥቼ ላግዝዎታ!» አልኩ።

በስልኩ ውስጥ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። ባቡር ከመነሣቱ በፊት እንደሚነፋ ፊሽካ ረጅም ነበር።

«አንተ ለምሳ ና» አሉ በመጨረሻ። «ለቀለሙ ግን አትምጣ።»

ምሳው ጥሩ ነበር። በረንዳውን ያየሁት ግን በመስኮት ነው።